የልደት በዓል ጌጥና የቤተ ሰብ ኑሮ

በናይሮቢ ከተማ በካሳራኒ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን የጌታችን ልደት ሁለት ጊዜ ይደርስልናል፤ ኬንያውያን ጎረቤቶቻችን በዲሴምበር 25 ቀን፣ እኛም ከ13 ቀን በኋላ በጃንዋሪ 7 ቀን እናከብራለን። ልጆቻችንም በጎረቤት ያዩትን መብራትና ያጌጠ ጥድ ይለምኑናል። ወጪው እጥፍ ሲሆን የቤት ኪራዩና ለአገር ቤት ወላጆች የሚላከው ገንዘብ ይጎድላል።

እንግዲህ ጥድን ማስጌጥ ኃጢአት ነውን? አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1605 ዓ.ም. በስትራስቡርግ የተጻፈ ማስታወሻ እንደሚያስረዳው፣ ሰዎች በቤታቸው ባቆሙት ጥድ ላይ የወረቀት ጽጌረዳ፣ ፖምና ጣፋጭ ይሰቅሉበት ነበር። የአገራችንም ሰው ቤቱን ጠርጎ፣ ቄጠማ ጎዝጉዞ በዓሉን ይቀበላል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናድርግ።

አንደኛ፣ በዓሉ ሳይደርስ ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋራ ተቀምጠው የሚያዘውንና የሚተወውን ጌጥ ይምረጡ።

ሁለተኛ፣ የሚገዛውን ትተን ልጆቻችን በእጃቸው የወረቀት ኮከብ ይሥሩ።

ሦስተኛ፣ ከወጪው የተረፈውን በዓሉን ብቻውን ለሚውል ስደተኛ ማዕድ እናድርገው።

በሉቃስ 2፥7 እንደምንማረው ጌታችን በግርግም የተኛው ማደሪያ ስለ ጠፋ ነው። በእኛም ቤት ጌጥ በዝቶ ለእንግዳ ስፍራ እንዳይጠፋ እንጠንቀቅ።