ፕላኔቶች ተጋጩ ሲሉህ፦ ለልጄ የተጻፈ ምክር

ልጄ፣ የቬሊኮቭስኪን መጽሐፍ አንብበህ ጨርሰሃል። ቬነስ ከጁፒተር ወጥታ እንደ ጅራታም ኮከብ በምድር አጠገብ አለፈች፣ እስራኤል ከግብፅ ሲወጡ የወረደው መቅሰፍትም በእሷ የመጣ ነው የሚለውን ወደኸዋል። የግብፅ ታሪክ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ያለአግባብ ተለጥጧል የሚለውንም ሳትጠይቅ ተቀብለሃል። ጉጉትህ ደስ ይለኛል፤ ማንበብ አይታክትህም። ግን ትቸኩላለህ፣ የቸኮለ ደግሞ አፍስሶ ይለቅማል። እኔ በእነዚህ መጻሕፍት መካከል ብዙ ዘመን ኖሬአለሁና የምልህን ሳትዘል አንብበው።

፩. ሐሳቡን ከመውሰድህ በፊት ሰውየው በምን መንገድ እንደደረሰበት ጠይቅ። ኢማኑኤል ቬሊኮቭስኪ በ1895 ዛሬ ቤላሩስ በምትባለው አገር በቪቴብስክ ከተማ ተወለደ። ሕክምና ተምሮ በፍልስጤም የአእምሮ ሐኪም ሆኖ ሠራ፤ በ1939 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በ1950 «ዓለማት ሲጋጩ»፣ በ1952 ደግሞ «ዘመናት በትርምስ» የተሰኙትን መጻሕፍት አሳተመ። በቀላሉ የሚናቅ ሰው አልነበረም፤ ብዙ ቋንቋ ያውቃል፣ ብዙ አንብቧል። ነገር ግን ሕዝቦች ስለ ሰማይ የተናገሩትን ሁሉ እንደ ዓይን ምስክር ቃል ወሰደው። ምስክርነት በጠፋበት ቦታ ደግሞ የሰው ልጅ ከድንጋጤው ብዛት ረስቶታል አለ፤ ይህ ከሙያው የመጣ ነው። እዚህ ላይ ቆም በል። ያስታወሰም የረሳም እኩል ምስክር የሚሆንለት ሐሳብ በምን ይረታል?

፪. ዓመት ስትጽፍ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ለይ። እኛና ፈረንጆቹ የምንቆጥረው ከአንዱ ከክርስቶስ ልደት ነው፤ ልደቱ የዋለበትን ዓመት ያሰላነው በተለያየ ቀመር ስለሆነ ግን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት እንለያያለን። ማስታወሻህ ላይ ሁለቱን ደባልቀሃቸዋል። በስምንት ዓመት የሚሳሳት ሰው ስለ ስምንት መቶ ዓመት ሊከራከር አይችልም። እኔ እዚህ የምጽፍልህ ሁሉ እንደ አውሮፓውያኑ ነው።

፫. ተረትን አክብር፣ ዘመን ግን ከእሱ አትቁረጥ። ከተረት ምን እንደሆነ ትሰማ ይሆናል፤ መቼ እንደሆነ ለማወቅ ወደ መሬቱ መውረድ አለብህ። በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ የሚኖሩ ነባር ሕዝቦች ነጎድጓዳዊ ወፍና ዓሣ ነባሪ ተዋጉ፣ ምድር ተናወጠች፣ ባሕሩም መንደር አጠፋ እያሉ ሲያወርሱ ኖረዋል። ለረጅም ጊዜ ከተረትነት አልፎ የቆጠረው አልነበረም። በ1980ዎቹ ብራያን አትዋተር የተባለ የሥነ ምድር ሊቅ በዋሽንግተን ግዛት ዳርቻ ሲቆፍር በአንድ ጊዜ የሰመጠ ረግረግ አገኘ፤ በላዩ ላይ ባሕር ያመጣው አሸዋ ተነጥፎበታል፤ በአካባቢውም ጨው የገደላቸው የዝግባ ዓይነት ዛፎች እንደቆሙ ደርቀዋል። የዛፎቹ የዕድሜ ቀለበት ሲቆጠር የሞቱት ከ1699 ክረምት ማብቂያ እስከ 1700 ጸደይ ባለው ጊዜ ውስጥ ሆነ። ከውቅያኖሱ ማዶ በጃፓን ደግሞ ጸሐፊዎች በጥር 1700 የመሬት መንቀጥቀጥ ሳይሰማ ማዕበል መጣብን ብለው መዝግበዋል። የጃፓን ተመራማሪዎች ማዕበሉ የተጓዘበትን ጊዜ ወደ ኋላ አስልተው በ1996 ቀኑን ጭምር ነገሩን፤ ጥር 26 ቀን 1700 ማታ። ወፉና ዓሣ ነባሪው እውነት ይዘው ኖረዋል ማለት ነው። ቀኑን የሰጡን ግን ዛፉ፣ አሸዋውና የጃፓኖቹ መዝገብ ናቸው። ቬሊኮቭስኪ የተረቱን ግማሽ ሥራ ሠርቶ የአፈሩን ግማሽ ሳይሠራ ተወው፤ የእኔ ዋና ቅሬታም ይኸው ነው።

፬. በብዙ አገር አንድ ዓይነት ታሪክ ስትሰማ አንድ ቀን የሆነ ነገር ነው ብለህ አትደምድም። ወንዝ በየአገሩ ይሞላል፣ ጎርፍም በየዘመኑ ሰው ይወስዳል።

፭. አንድ ዘመን ስታንቀሳቅስ ከእሱ ጋር ስንት ዘመን እንደሚናጋ ቁጠር። ዕቁብ ውስጥ የአንዱን ተራ ብታሸጋሽግ የቀሩትን ሁሉ ማነጋገር ይኖርብሃል፤ የጥንት ዘመንም እንዲሁ ነው። ቬሊኮቭስኪ በ15ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የነገሠችውን ሃትሼፕሱትን አውርዶ የንጉሥ ሰሎሞን ዘመን ሰው አደረጋት፤ ንግሥተ ሳባም እሷ ናት አለ። ሣልሳዊ ቱትሞስን ኢየሩሳሌምን የዘረፈው ሺሻቅ አደረገው። እዚህ ድረስ ስታነብ ልብ ይማርካል። ግን መንገዱ እዚያ አልቆመም። በኋላ በጻፋቸው መጻሕፍት ዳግማዊ ራምሴስን ወደ ሰባተኛውና ስድስተኛው መቶ ዓመት፣ ሣልሳዊ ራምሴስን ደግሞ እስከ ፋርሶች ዘመን ድረስ ማውረድ ግድ ሆነበት። ከዳግማዊ ራምሴስ ጋር የሰላም ውል የተዋዋለው የኬጢያውያን ንጉሥ ሃቱሲሊም የባቢሎኑ ናቡከደነፆር ነው ለማለት ተገደደ። የአምስት መቶው ክፍተት ስምንት መቶ ገደማ ሆነ። አንዱን ለማስታረቅ አሥሩን የሚያጣላ ማስተካከያ ስታይ ተጠንቀቅ።

ደግሞ ግብፅ ብቻዋን አልቆመችም። በ1887 በቴል ኤል አማርና የተገኙት የሸክላ ደብዳቤዎች የግብፅን ነገሥታት ከባቢሎንና ከአሦር ነገሥታት ጋር በስም ያገናኛሉ። የአሦር ሰዎች በየዓመቱ አንድ ሹም እየሰየሙ የዓመታት ዝርዝር ያዙ፤ በአንዱ ዓመት ፀሐይ ጨለመች ብለው ጽፈዋል። ያ ግርዶሽ ዛሬ በምናውቀው የምድርና የጨረቃ አካሄድ ወደ ኋላ ሲሰላ ሰኔ 15 ቀን 763 ከክርስቶስ ልደት በፊት ላይ ይውላል፤ ዝርዝሩም የሚፈልገው እዚያ ነው። ልብ አድርግ፣ ቬሊኮቭስኪ ማርስ ምድርን ታናውጥ ነበር የሚለው በዚያው በስምንተኛው መቶ ዓመትና በሚቀጥለው መጀመሪያ ነው። ምድር ከመንገዷ ተነቃንቃ ቢሆን ኖሮ ስሌቱ ባልገጠመ ነበር።

፮. የአገርህ ስም የገባበትን ሐሳብ ከሌላው አብልጠህ መርምር። ቬሊኮቭስኪ ንግሥተ ሳባን ግብፃዊት ሲያደርጋት እኛ ከክብረ ነገሥት ጋር ያደግን ሰዎች መቆጣት ይቀናናል፤ ሌላው ስለ እኛ አንድ መልካም ነገር ሲል ደግሞ ሳናጣራ እናጨበጭባለን። ሁለቱንም ተው። ቬሊኮቭስኪ የሃትሼፕሱት መርከቦች የሄዱበትን ፑንት የተባለ አገር ፍልስጤም ነው ብሏል። አንተ ግን በደይር ኤል ባሕሪ ባለው መቅደሷ ግድግዳ ላይ የተቀረጸውን ተመልከት፤ ቀጭኔና አውራሪስ፣ ዝንጀሮ፣ ከነሥሩ ተነቅሎ የሚጫን የዕጣን ዛፍ፣ በእንጨት ላይ የተሰቀለ ጎጆ፣ ከሥሩም የቀይ ባሕር ዓሣዎች አሉበት። ካትሪን ባርድና ሮዶልፎ ፋቶቪች የተባሉት፣ በአክሱም ቤተ ጊዮርጊስ ኮረብታም የቆፈሩት ሊቃውንት፣ በግብፅ ቀይ ባሕር ዳርቻ በመርሳ ጋዋሲስ የመርከብ ሳንቃ፣ የተጠቀለለ ገመድና የፑንት ስም የተጻፈበት የጭነት ሣጥን አግኝተዋል፤ ያም ከሰሎሞን ዘመን ስምንት መቶ ዓመት ያህል ይቀድማል። በ2020 የታተመ ጥናት ግብፃውያን አድርቀው ያስቀመጧቸውን ዝንጀሮዎች መርምሮ ትውልዳቸውን ወደ ዛሬዎቹ ኤርትራ፣ ኢትዮጵያና ሶማሊያ አካባቢ አመለከተ። በ2023 ደግሞ የሌላ እንዲህ ያለ ዝንጀሮ ዘረ መል ከጥንታዊቷ አዱሊስ አካባቢ ጋር ገጠመ። ፑንት ወደ እኛ አካባቢ የመጣችው በዝንጀሮ ጥርስና አጥንት ነው፤ እኔም የማምናት ለዚህ ነው።

፯. የሚለካ ነገር ካለ ክርክሩን አቁመህ ለካ። ቬሊኮቭስኪ ራሱ የግብፅ ዕቃዎች በራዲዮካርቦን እንዲመረመሩ ይወተውት ነበር፤ በዚህ አመሰግነዋለሁ። ምርመራው በስፋት ተሠርቶ በ2010 ወጣ። በየሙዚየሙ ካሉ የግብፅ ዘሮች፣ ቅርጫቶችና ዕፀዋት ከሁለት መቶ በላይ ናሙና ተወሰደ፤ «አዲሱ መንግሥት» የሚባለው የግብፅ ዘመን መጀመሪያም በ1570 እና በ1544 ከክርስቶስ ልደት በፊት መካከል ወደቀ። የቆየው አቆጣጠር ጸና። ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ፤ ክርክራቸው ግን የአሥር የሃያ ዓመት ነው።

፰. የተገፋ ሁሉ ልክ ነው አትበል። በ1950 የሃርቫርዱ ሃርሎ ሻፕሊና ሌሎች የሥነ ፈለክ ሰዎች ማክሚላን የተባለውን የቬሊኮቭስኪን አሳታሚ አስጨነቁ፤ አሳታሚው ገበያ ላይ እየተፈለገ ያለውን መጽሐፍ ለሌላ ማተሚያ ቤት አሳልፎ ሰጠ፤ መጽሐፉን የተቀበለው አርታኢም ከሥራው ተባረረ። ይህ ነውር ነበር፤ ነውር መሆኑን ሁልጊዜ ተናገር። ነገር ግን ያው ዘመን ሌላም የተገፋ ሰው ነበረው። ጄ ሃርለን ብሬትዝ የተባለ የሥነ ምድር ሊቅ በ1920ዎቹ በዋሽንግተን ግዛት ምሥራቅ ያለውን የተቦረቦረ ምድር በእግሩ ዞሮ ይህን ያደረገው ድንገተኛ ታላቅ ጎርፍ ነው አለ። እኩዮቹ አልተቀበሉትም። እሱ ግን ሸለቆውን መለካቱን፣ ድንጋዩን መመርመሩን ቀጠለ። ጎርፉ ከየት እንደመጣም ታወቀ፤ በበረዶ ግድብ ታግዶ የነበረ ሚዙላ የተባለ ሐይቅ ነው። ብሬትዝ ሊቃውንቱ የሚሰጡትን ከፍተኛ ሜዳልያ በ1979 ሲቀበል ዕድሜው ዘጠናን ካለፈ ቆይቷል። በዚያው ዓመት ቬሊኮቭስኪ ሞተ። ሁለቱም መዓት ነበረ አሉ፣ ሁለቱም ተናቁ፤ አንዱ ግን ሌላው ሰው ሄዶ የሚያየው ድንጋይ ነበረው።

፱. አንድ ግምት ሠመረ ብለህ ሁሉን አትግዛ። ቬሊኮቭስኪ ቬነስ ትኩስ ናት ብሎ ነበር፣ እውነትም ከ460 ዲግሪ በላይ ናት። ምክንያቱ ግን አዲስ መወለዷ ሳይሆን ሙቀት የሚያፍነው የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየሯ ነው። ከባቢዋ በነዳጅ መሰል ነገር የተሞላ ነው ያለው ደግሞ አልሆነም።

፲. በመጨረሻ፣ ሰማዩን ራስህ ተመልከት። በባቢሎን በንጉሥ አሚሳዱቃ ዘመን የነበሩ ሰዎች ቬነስ የምትታይበትንና የምትሰወርበትን ቀን 21 ዓመት ያህል በሸክላ ጽላት ጽፈዋል፤ ግልባጩ ነነዌ ተገኝቶ በብሪቲሽ ሙዚየም አለ። ቬሊኮቭስኪ በጽላቱ ውስጥ ያለውን ዝንፈት የሰማይ ሁከት አድርጎ አነበበው፤ ሌሎች ደግሞ የገልባጭ ስሕተት አገኙበት። አንተ ከመፍረድህ በፊት ደብተር ግዛ። ማለዳ ከሆነች ማለዳ፣ ማታ ከሆነች ማታ የታየችበትንና የጠፋችበትን ቀን ጻፍ። 584 ቀን ገደማ ሲሞላ ወደ ጀመረችበት ትመለሳለች፤ አምስቱ ዙር ስምንት ዓመት ሊሞላ ሁለት ቀን ከምናምን ሲቀረው ያልቃል። የመጀመሪያውን ዙር ስትጨርስ ደብተሩን ይዘህልኝ ና፤ ከባቢሎኖቹ ቀናት ጎን ለጎን አድርገን አብረን እናስተያየዋለን።