የተቀደደ ሸራና የተበሳ ጎማ እንዴት ይለጠፋል?



አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእሳት ብቻ የተነገረ ምክር አይደለም፤ ለሸራ ቀዳዳም ያገለግላል። ዛሬ ጣት የማታሳልፈው ቀዳዳ በአንዲት ትንሽ ቁራጭ ትደፈናለች። ቸል ከተባለች ግን ነፋስ እየጎተታት፣ እጅም እየሳባት ክንድ ታህላለች። ያን ጊዜ የሚጣለው ሸራው ብቻ አይደለም፤ በሸራው ሥር የነበረው እህልም አብሮ ይበላሻል።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በሐዋሳ ከተማ አስተዳደር ውስጥ ባለው በሐዌላ ቱላ አንድ ገበሬ በቆሎውን ፈልፍሎ አስጥቷል እንበል። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል። ገበሬው በቆሎውን ሰብስቦ በሸራ ይሸፍነዋል፤ ሸራው ግን ካለፈው ዓመት የቀረ ቀዳዳ አለበት። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ በዚያች ቀዳዳ ገብቶ የክምሩን መካከል ያርሰዋል። ከላይ ሲያዩት ደህና የሚመስለው በቆሎ ከውስጥ ይሻግታል። በሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊፈጠር ይችላል። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ በቆሎው ቢቀቀልም ሆነ ቢጋገር አይጠፋም። እንግዲህ የቤተሰቡ ቀለብ የተበላሸው በአንዲት ቀዳዳ ነው።

ጉዳቱ በበቆሎ ብቻ አያበቃም። በአለታ ወንዶና በዳሌ ቡና በአልጋ ላይ ሲደርቅ ከዝናብና ከጤዛ የሚከለለው በላስቲክ ነው። ምርት ወደ ሐዋሳ ገበያ የሚያደርሰው የአህያ ጋሪ የሚሄደው በተነፋ ጎማ ነው። በአሞራ ገደል ዓሣ የሚያወጣው አስጋሪም ውሃ የማያስገባ ልብስና ቦት ጫማ ያስፈልገዋል። እነዚህ ሁሉ ይቀደዳሉ፤ አብዛኞቹም ሊለጠፉ ይችላሉ።

ብዙ ሰዎች «ለጠፍኩት፤ በሳምንቱ ተላቀቀ» እያሉ ማስቲሹን ያማርራሉ። ነገር ግን ልጣፊ የሚላቀቀው ብዙውን ጊዜ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ዕቃው ከምን እንደተሠራ ሳይታወቅ የማይስማማው ማጣበቂያ ስለተደረገበት ነው። ሁለተኛው፣ ቦታው ሳይጸዳና ሳይደርቅ ስለተለጠፈ ነው። አቧራ ባለበት ላይ የተቀባ ማስቲሽ የሚይዘው አቧራውን እንጂ ሸራውን አይደለም።

ዕቃው ከምን እንደተሠራ ስለ መለየት

ጎማ ሲሳብ ይለጠጣል፤ ሲለቀቅም ወደ ቦታው ይመለሳል። የጋሪና የብስክሌት የውስጥ ጎማ ከዚህ ወገን ነው። ሸራዎችና ላስቲኮች ግን በዓይን ሲያዩዋቸው ስለሚመሳሰሉ በውሃ መፈተን ይሻላል።

ከሸራው ዳር የጥፍር ያህል ቁራጭ ቁረጡ። ጥቂት ሳሙና በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ አስገብታችሁ አረፋው እስኪለቀው ድረስ በጣት እሹትና ልቀቁት።

ቁራጩ ከሰጠመ ዕቃው ፒቪሲ የተለበጠ ሸራ ሊሆን ይችላል። የጭነት መኪና መሸፈኛና ወፍራም የዝናብ ልብስ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ዓይነት ይሠራል።

ቁራጩ ከተንሳፈፈ ዕቃው ፖሊኢትሊን ወይም የእርሱ ዘመድ ነው። ቀጭኑ የቤት መሸፈኛ ላስቲክ፣ ተሸምኖ የተሠራው ቀላል ሸራ፣ ለውሃ ማቆሪያ ጉድጓድ የሚነጠፈው ጂኦሜምብሬንም በአብዛኛው ከዚህ ወገን ናቸው። የእነዚህ ገጽ እንደ ሰም ስለሆነ ማስቲሽ አይቀበልም።

ዕቃውን ለመለየት ብላችሁ በእሳት አታቃጥሉ። የፒቪሲ ጭስ ሳንባን የሚጎዳ ነው።

በማስቲሽ ስለ መለጠፍ

ለጎማና ለፒቪሲ ሸራ የሥራው ቅደም ተከተል አንድ ነው።

1ኛ. ቀዳዳውን ፈልጉ። የውስጥ ጎማ ከሆነ ንፉትና ውሃ ውስጥ አስገቡት፤ አረፋ የሚወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ሸራ ከሆነ ወደ ፀሐይ ዘርግታችሁ ከሥር ተመልከቱ፤ ብርሃን የሚያሳልፈውን ሁሉ በጠመኔ ክበቡ። ጎማውን የወጋው እሾህ ወይም ሚስማር በውጭው ጎማ ላይ እንዳለ ከሆነ የተለጠፈውን መልሶ ስለሚወጋው ፈልጋችሁ አውጡ።

2ኛ. እጠቡና አድርቁ። በሳሙናና በውሃ አጥባችሁ በሚገባ አድርቁ፤ ቀጥሎም በአልኮል በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። በነጭ ጋዝ ወይም በናፍጣ አትጥረጉ፤ ቅባት ትተው ይቀራሉ። ከተጠረገ በኋላ ቦታውን በጣት አትንኩ፤ የእጅ ወዝም ማጣበቂያውን ይከለክላል።

3ኛ. ልጣፊውን ቁረጡ። ከተቻለ ከዕቃው ዓይነት ይሁን። ለውስጥ ጎማ ከቀዳዳው ዙሪያ 2 ሳንቲ ሜትር፣ ለሸራ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይለፍ። ማዕዘኑን ክብ አድርጉ፤ ሹል ማዕዘን በቀላሉ ተነሥቶ መላቀቅ ይጀምራል። የሸራው ቅዳድ ረጅም ከሆነ በሁለቱ ጫፎች ትንሽ ክብ ቀዳዳ አብጁ፤ ቅዳዱ ወደ ፊት እንዳይሄድ ይገታዋል።

4ኛ. ሻካራ አድርጉ። ሁለቱንም ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ ፈግፍጉ፤ ብናኙንም ጥረጉ። ፒቪሲ ሸራ ላይ ክሩ እስኪታይ አትፈግፍጉ።

5ኛ. በስሱ ቀቡ፤ ቆዩ። ማስቲሹን በዕቃውም በልጣፊውም ላይ በስሱ ቀቡ። ከዚያም በጣት ሲነኩት የማያርስ፣ ግን የሚይዝ እስኪሆን ድረስ ጠብቁ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ማስቲሹ ገና እርጥብ ሳለ ቸኩለው ያጋጥሙታል። እርጥብ ማስቲሽ ውስጥ ያለው ተን መውጫ ሲያጣ ልጣፊውን ከሥር ይነፋዋል። የሚቆይበትን ጊዜ በቆርቆሮው ላይ ከተጻፈው አንብቡ።

6ኛ. ከመካከል ወደ ዳር ተጫኑ። ልጣፊውን ከመካከሉ ጀምራችሁ ወደ ዳር እየገፋችሁ ነፋሱን አስወጡ። በጠርሙስ አንከባሉበት። ሸራ ከሆነ ድንጋይ ጭናችሁ አንድ ሙሉ ቀን ሳታጥፉትና ሳታረጥቡት ይቆይ። ከተቻለ ከሥሩም ሁለተኛ ልጣፊ አድርጉለት።

ሥራው በጥላ ሥር፣ ዝናብ በሌለበት ቀን ይሁን። በቀትር ፀሐይ የጋለ ሸራ ማስቲሹን ቶሎ ያደርቀዋል፤ ሲበርድም ተሰብስቦ ልጣፊውን ያጨማድደዋል።

ስለ ማስቲሽ ምርጫ

ጥሬ ጎማ በሙቀት ይለሰልሳል፤ በብርድም ይደርቃል። ቻርልስ ጉድይር የተባለው አሜሪካዊ ጎማን ከድኝ ጋር በሙቀት አብስሎ የማጠንከር ዘዴን እ.ኤ.አ. በ1844 በመንግሥት አስመዝግቧል። የዛሬው የውስጥ ጎማ እንዲህ የበሰለ ስለሆነ ገጹ በራሱ አይጣበቅም፤ መፈግፈግና የጎማ ማስቲሽ ያስፈልገዋል። ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ልጣፊ ስትገዙ ከራሱ ማስቲሽ ጋር ግዙ። መሣሪያው ከሌላችሁ ወደ ጎሚስታ ውሰዱት፤ ሥራውን ግን አጠገቡ ቆማችሁ ተመልከቱ።

ለፒቪሲ ሸራ «ለሚተጣጠፍ ፒቪሲ» የሚል ማጣበቂያ ጠይቁ። ተራ የጎማ ማስቲሽ ለጊዜው ቢይዝም፣ ፒቪሲው እንዲለሰልስ የተጨመረበት ዘይት ቀስ በቀስ ያላላዋል። ለውሃ ቧንቧ የሚሸጠው ፒቪሲ ማጣበቂያም አይሆንም፤ ደርቆ ስለሚጠነክር ሸራው ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። በነፋስ የሚነፋ የፒቪሲ ጀልባ ያለው ሰውም ይህንኑ ደንብ ይከተል፤ ከለጠፈ በኋላ ግን ጀልባውን ነፍቶ አንድ ሌሊት ሳያሳድርና በሳሙና ውሃ ሳይፈትን ወደ ሐይቅ አይግባ።

ማስቲሽ የማይቀበሉ ላስቲኮች

ለሚንሳፈፈው ላስቲክ የሚሻለው በራሱ የሚጣበቅ ሰፊ ናስትሮ ነው። አጥባችሁና አድርቃችሁ በሁለቱም ወገን አጋጥሙና ለጥፉ። ፀሐይ ናስትሮውን ስለሚያደክመው የበልግና የክረምት ዝናብ ከመግባቱ በፊት መርምሩት፤ የላላውንም ለውጡ።

የውሃ ማቆሪያ ጂኦሜምብሬን ሲቀደድ ውሃው ከቀዳዳው በታች እስኪወርድ ይቀዳ። ትንሹ ቀዳዳ ለዚሁ በተሠራ በራሱ በሚጣበቅ የቡቲል ጎማ ጥቅል ለጊዜው ይደፈናል። ሰፊው ቅዳድ ግን በሙቀት መበየድ ስላለበት ወደ ባለሙያ ይወሰድ። ከሥሩ ሹል ድንጋይ ወይም ሥር ካለ ሳያነሡ መለጠፍ ከንቱ ድካም ነው።

ፒክስ የሚባለው ባለሦስት ድርብ የእህል ከረጢት ነቀዝን የሚገድለው አየር በመከልከል ነው። በውስጠኛው ላስቲክ ላይ ጥቂት ትናንሽ ቀዳዳዎች ከተገኙ በናስትሮ ይደፈኑ። ቀዳዳው ከበዛ ወይም ከሰፋ ግን ከረጢቱ አየር አይከለክልምና በእርሱ ታምናችሁ እህል አታስቀምጡ።

ፈጽሞ የማይለጠፉ ነገሮች

በጀርባ የሚታዘል የፀረ ተባይ መርጫ ቱቦ ሲሰነጠቅ ይለወጥ እንጂ አይለጠፍ። በግፊት የሚወጣው መድኃኒት ልጣፊውን ገፍቶ በሰው ገላ ላይ ይፈሳል። ከጀልባ ላይ የሚለበስ፣ በነፋስ የሚነፋ የነፍስ አድን ጃኬትም በቤት አይለጠፍ። የተለጠፈ ሸራ ቢላቀቅ እህል ይረጥባል፤ የተለጠፈ ጃኬት ቢላቀቅ ግን ሰው ይሰጥማል።

ጥንቃቄ

የማስቲሽ ተን ራስን ያዞራል፤ በእሳትም ቶሎ ይቀጣጠላል። ስለዚህ በደጅ ሥሩ፤ ሲጋራ፣ ኩራዝና ምድጃ ይራቁ። ክዳኑን ገጥማችሁ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡ፤ ማሽተቱ አእምሮን የሚጎዳ ክፉ ልማድ ይሆናልና።

ለልማት ሠራተኞች

ይህን ትምህርት በቃል ብቻ አትስጡ፤ በሠርቶ ማሳያ አሳዩ። ከአሮጌ የውስጥ ጎማ ሁለት ቁራጭ አዘጋጁ። አንዱን እንደ ቆሸሸ ለጥፉ፤ ሁለተኛውን አጥባችሁ፣ አድርቃችሁና ፈግፍጋችሁ ለጥፉ። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ማስቲሽ ተጠቀሙ። አንድ ቀን ካደረቁ በኋላ አንድ ቀን ውሃ ውስጥ ይዋሉ። ከዚያም ገበሬዎቹ ራሳቸው ሁለቱን ልጣፊዎች በእጃቸው ይሳቡ። እጅ የፈተነውን ነገር ማንም አይረሳውም።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. የሸራ ቁራጭ ውሃ ላይ ቢንሳፈፍ በምን ይለጠፋል?
2. የልጣፊ ማዕዘን ክብ የሚሆነው ለምንድን ነው?
3. ማስቲሽ ከተቀባ በኋላ ወዲያው ቢጋጠም ምን ይደርሳል?
4. በቤታችሁ ካለው ዕቃ ዝናብ ሳይመጣ መለጠፍ ያለበት የትኛው ነው?

የአራተኛው ጥያቄ መልስ እዚህ አልተጻፈም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሸራችሁን ወደ ፀሐይ ዘርግታችሁ ከሥሩ ስትመለከቱ ታገኙታላችሁ።