ስለ ቍስል መዝጊያ ብረት

ይህን መጽሔት ስትገልጡ ገጾቹን በዳር በኩል አያይዞ የያዘውን ሽቦ ሳታዩት አትቀሩም። የሰውም ቍስል በዚሁ ዐይነት ሽቦ ይዘጋል ብላችሁ የሚገረም ይኖር ይሆናል። እኔም የሥነ ጽሑፍ ተማሪ እንጂ የሕክምና ተማሪ ስላልሆንሁ፣ ነገሩን ያወቅሁት ባለፈው ክረምት አጎቴ በጉደር መንገድ ላይ ከባጃጅ ወድቀው ራሳቸውን በተፈነከቱ ጊዜ ነው።

አዲስ አበባ ባለ አንድ ሆስፒታል ቍስላቸው በብረት ተዘግቶ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ9ኛው ቀን ስልክ ደወሉልኝና፣ «የኔ ልጅ፣ እዚህ ጤና ጣቢያ ማውጫ መሣሪያው የለንም አሉኝ። ጎረቤታችን መካኒኩ ፒንሳ አለው፤ በሱ ብናወጣውስ?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ጋሼ፣ እባክዎን እንዳያስነኩት» ከማለት በቀር ምክንያቱን ለማስረዳት ዕውቀት አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት ያጣሁትን መልስ ከመጻሕፍትና ከሕክምና ተማሪዎች ጠይቄ ያገኘሁበት ነው።

ቍስልን በብረት የመስፋት ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1908 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ቡዳፔስት ላይ ሑልትል የተባለ ሐኪም የጨጓራ ኦፕራሲዮን ሲያደርግ በብረት የሚሰፋ መሣሪያ ተጠቀመ። መሣሪያው ከ3 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር፤ ለመገጣጠምም ብዙ ሰዓት ይፈጅ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሶቪየት መሐንዲሶች አሻሻሉት፤ በ1958 ኪየቭን የጎበኘ ራቪች የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም አንዱን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ በፋብሪካ ይመረት ጀመር። ዛሬ ለቆዳ የሚሆነው በእጅ መዳፍ የሚያዝ ቀላል ነገር ሲሆን ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ አገልግሎ ይጣላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንዱ ሰው የቍስሉን ሁለት ከንፈሮች በፎርሴፕስ አገናኝቶ ጥቂት ወደ ላይ ያነሣል፤ ሁለተኛው መሣሪያውን አስቀምጦ ይጫናል። ሽቦው ገብቶ እግሮቹን ወደ ውስጥ ያጥፋል። ክር በመርፌ ከመሳብ እጅግ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ብዙ ደም ለሚፈሰው ለራስ ቆዳ ተስማሚ ነው። ለፊት ግን ጠባሳው ስለሚታይ አይመረጥም። ፍጥነቱም ብቻውን ሁሉን አይሸፍንም፤ በ2010 በእንግሊዝ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት ከአጥንት ኦፕራሲዮን በኋላ በብረት የተዘጉ ቍስሎች በክር ከተሰፉት ይልቅ ብዙ ጊዜ እንደሚያመረቅዙ አሳይቷል። እኔ እንደሚመስለኝ ክርና መርፌ ባለበት አገር የብረቱን ውበት ብቻ አይቶ መቸኰል አይገባም። ውሻ የነከሰው ቍስልማ ከሁሉ አስቀድሞ በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ያህል መታጠብ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ማግኘት አለበት፤ ስፌቱ ከዚያ በኋላ የሐኪሙ ፈንታ ነው።

ስለ አያያዙ በአገራችን የሚያስቸግር አንድ ነገር አለ። አምቦ ፍል ውኃ ያላት ከተማ እንደ መሆኗ ሰው ለሕመሙ ሁሉ ወደዚያ መውረድ ይወዳል። አጎቴም «አንድ ቀን ብነከርበት ይደርቅልኝ ነበር» ብለው ነበር። ብረት ያለበት ቍስል ግን ከ1 ወይም ከ2 ቀን በኋላ በንጹሕ ውኃ ቢለቀለቅ እንጂ በገንዳ ውስጥ ሊነከር አይገባውም፤ በብረቱ ቀዳዳ ጀርም ይገባልና። ቅቤም፣ የቡና ዱቄትም፣ ዐመድም አይደረግበትም። ቢቀላ፣ ቢያብጥ፣ መግል ቢወጣው ወይም ትኵሳት ቢመጣ የቀጠሮውን ቀን መጠበቅ የለም። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም መጠየቅ አለበት።

አሁን ወደ ማግኔቱ ልምጣ። ራጅና ሲቲ ስካን ለብረቱ አደጋ የላቸውም፤ በፎቶው ላይ ነጭ ሆኖ ከመታየቱ በቀር። ኤም አር አይ ግን ሌላ ነው። 1.5 ቴስላ የሚባለው መሣሪያ ከምድር ማግኔት 30,000 ጊዜ ያህል ይበረታል፤ ማግኔቱም ሌት ተቀን አይጠፋም። በ2001 በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ክፍሉ ውስጥ የገባ የኦክስጅን ሲሊንደር በማግኔቱ ተስቦ የ6 ዓመት ልጅ ገድሏል። የቆዳው ብረት ከማይዝግ አረብ ብረት ወይም ከቲታኒየም ስለሚሠራ አብዛኛውን ጊዜ ምርመራውን አይከለክልም፤ ሆኖም ሊሞቅና ምስሉን ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ በሽተኛው አስቀድሞ መናገር አለበት። ይበልጥ የሚያስፈራው የተረሳው ብረት ነው፦ በጦርነት የገባ ፍንጣሪ፣ በብየዳ ሥራ ዐይን ውስጥ የቀረ ብናኝ፣ በአንጎል ደም ሥር ላይ የተደረገ የቆየ መቈንጠጫ።

ማውጣቱ ደግሞ ቍስሉ እንዳለበት ቦታ ከ7 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይሆናል። የማውጫው የታችኛው መንጋጋ ከሽቦው ሥር ይገባል፤ መያዣው እስኪገጥም ሲጨመቅ የሽቦው ወገብ ይጐብጥና ሁለቱ እግሮች በአንድነት ከቆዳው ይለቃሉ። ፒንሳ ግን ሽቦውን ይጎትታል እንጂ እግሮቹን አያቃናም፤ ቆዳውን ይቀድዳል። መጀመሪያ አንዱ እየተዘለለ ይወጣል፤ ቍስሉ ቢከፈት የቀረው ይተዋል።

ይህን ለማስተማር ትልቅ ወጪ አያሻም። አገራችን በ1954 የጐንደርን የጤና ኮሌጅ ከፍታ የጤና መኰንኖችን አሠልጥናለች፤ ከ2009 ወዲህም የጤና መኰንኖች የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና እንዲማሩ ተደርጓል። ከጊንጪ እስከ ባኮ ላሉ ነርሶች ግን ከሉካንዳ የተጣለ የበግ ቆዳ፣ አንድ መሣሪያና አንድ ማውጫ ለከሰዓት በኋላ ትምህርት ይበቃል። ከሆስፒታል የሚወጣውም ወረቀት በኦሮምኛና በአማርኛ ቢጻፍ፣ ስንት ብረት እንደ ገባ፣ በስንተኛው ቀን እንደሚወጣ ቢያመለክት፣ ማውጫውም አብሮ ቢሰጥ መልካም ነበር።

አጎቴ በ11ኛው ቀን አምቦ ወጥተው አንዲት ነርስ አወጣችላቸው። ወረቀታቸው ላይ 12 ተብሎ ተጽፎ ስለ ነበር፣ በሳሕኑ ላይ 11 ብቻ ብታገኝ እንደገና ፈለገች፤ የቀረውንም ከጆሯቸው በላይ በጠጕራቸው መካከል ቅርፊት ሸፍኖት አገኘችው።