ደረቁ ወንዝ ያሰጋል?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ዳር ቤት ልገዛ ነው። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰዎች ግን የ1998ቱን ጎርፍ እያነሡ ያስፈራሩኛል። ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጎርፍ ይመጣል የሚሉትስ እውነት ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እውነት ነው። ደቻቱን በዋናነት የሚሞላው ከከተማዋ በላይ ባለው የሐረርጌ ደጋ የሚጥለው ዝናብ ነው። ተራራው ስለተራቆተ ውሃው ሳይሰርግ ድንጋይና ደለል እየጠረገ ይወርዳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ በሌሊት፣ ሰው በተኛበት ደርሶ ከ200 በላይ ሕይወት ቀጥፏል። የጎርፍ መከላከያ ግንብ ይረዳል፤ እኔ ግን በግንብ ብቻ አልተማመንም።

ውሃው እስከ የት ደርሶ እንደነበር የሠፈሩን ነባር ነዋሪዎች ይጠይቁ። መሠረቱን ሲቪል መሐንዲስ ይይልዎት፤ ቦታው ለመኖሪያ የተፈቀደ መሆኑንም ከከተማው አስተዳደር ያረጋግጡ። ከገቡ በኋላ በደጋው በኩል ሲጠቁር ወይም ሲያጉረመርም ልጆች አሸዋው ላይ አይጫወቱ፤ መኪናም አያቁሙበት።