ስለ እግርሽ

ልጄ፣ በፋሲካ ደብረ ማርቆስ መጥተሽ ባትሽ ላይ የተጠማዘዘውን የደም ሥር ስታሳዪኝ የራሴን እግር ያየሁ መሰለኝ። እኔም ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ስቆም ኖሬ ያመጣሁት ነው። አዲስ አበባ ለሌዘር ቀጠሮ መያዝሽን ስሰማ ይህን ጻፍኩልሽ።

1. መጀመሪያ በሽታው ይለይ። በእኛ አገር ያበጠ እግር ሁሉ ዝሆኔ ይባላል። በባዶ እግር ቀይ አፈር ሲረግጡ ኖረው የሚያመጡት እብጠት፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት፣ የአፈሩ ብናኝ በቆዳ ገብቶ የሊምፍ መስመሮችን ሲጎዳ የሚመጣ ነው። ለእሱ ሌዘር አይሆነውም፤ ውሃና ሳሙና፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ነው የሚበጀው። እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን ተሳትፈውበት በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ እንዲህ ያለው እንክብካቤ እግሩ እየተነሣ የሚያቃጥልበትን ጊዜ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እርግማን ነው የሚልሽን አትስሚ።

2. ያንቺ የደም መላሽ ከሆነ ቆመሽ በአልትራሳውንድ ተመርመሪ። በሥሩ ውስጥ ደሙ ተመልሶ እንዳይወርድ የሚይዙት ክዳኖች ሲላሉ ደም ይጠራቀማል፣ ግድግዳውም ይለጠጣል።

3. ሌዘር ሥሩን አይጠግንም፤ ይዘጋዋል። እኔ በሌዘር ስታከም ይህን ሳላውቅ ገብቼ ነው የተጨነቅሁት። ቀጭን ክር ሥሩ ውስጥ ገብቶ፣ ወደ ኋላ እየተሳበ ያቃጥላል። ከውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ይጠፋል፤ ግድግዳውን የያዘው ኮላጅንም እሳት እንደነካው ቁርበት ይጨማደዳል። በዙሪያው የማደንዘዣ ውሃ የሚወጉሽ ሥሩ እንዲጠብና ሙቀቱ ነርቭና ቆዳ እንዳይነካ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግድግዳው ይወፍራል፣ ይጠጥራል። ጭኔ ውስጥ እንደ ጠፍር የሚጎትት ነገር ሲሰማኝ ተበላሸ ብዬ አልቅሻለሁ። ግን ሰውነቴ የተቃጠለውን ግድግዳ በጠባሳ እየተካ ነበር። ጠባሳው በወራት ውስጥ ይሰልላል፤ ዓመት ሲሞላ ብዙ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንኳ ለመለየት የሚያስቸግር ክር ይሆናል።

4. ደሙስ በየት ይመለሳል ብለሽ አትስጊ። ዋናዎቹ ደም መላሾች በጥልቀት ያሉት ናቸው፤ ግን እነሱ ክፍት መሆናቸው አስቀድሞ ይታይ።

5. በዚያው ቀን ተራመጂ፤ የሚጨምቀውንም ካልሲ ሐኪሙ እስካለሽ ድረስ አታውልቂ። 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነውና ወዲያው ለመሳፈር አትቸኩዪ፤ መቼ መሳፈር እንደምትችዪ ሐኪሙን ጠይቂ። ስትመጪም ጎሐ ጽዮን ላይ ወርደሽ ተንቀሳቀሺ፣ ደጀን ላይም እንደገና። እግርሽ በድንገት ካበጠ፣ ደረትሽን ከወጋሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ የረጋ ደም ሊሆን ይችላልና ወዲያው ወደ ሆስፒታል ሂጂ።

6. የተዘጋ ሥር አንዳንዴ መልሶ ይከፈታል፤ ጤነኛ የነበረ ሌላም ሊለጠጥ ይችላል። ሕመሙ ጠፋ ብለሽ የክትትሉን ቀጠሮ አትተዪ።

ቀኑን ላኪልኝ። መኝታሽን ከመስኮቱ ሥር፣ እግርሽን ከፍ የምታደርጊበትንም ትራስ አዘጋጅቼ እጠብቅሻለሁ።