አባባ ተስፋዬ፦ ከመድረክ እስከ ቴሌቪዥን

የዛሬውን ንባብ መጀመሪያ እናንተ ልጆች ጮክ ብላችሁ አንብቡት። የከበዳችሁን ቃል በእርሳስ አስምሩበትና እማዬን ወይም አባዬን ጠይቁ። ወላጆች ደግሞ እባካችሁ ቶሎ ብላችሁ ወደ እንግሊዝኛ አትመልሱላቸው፤ በአማርኛ አስረዷቸው።

ባለፈው ቅዳሜ ከታናናሾቹ ክፍል አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ክላውን በአማርኛ ምን ይባላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ቁርጥ ያለ አንድ ቃል የለንም። ቀልደኛ እንላለን፣ አስቂኝ እንላለን፣ ኮሜዲያንም እንላለን። ፊቱን ቀለም ተቀብቶ፣ ቀይ አፍንጫ ሰክቶ ልጆችን ለሚያስቀው ሰው ግን ለብቻው ስም አላወጣንለትም። ምናልባት ስላላስፈለገን ይሆናል። የኢትዮጵያን ልጆች ለአራት አሥርት ዓመታት ያጫወቱት ሰው ቀይ አፍንጫ አላስፈለጋቸውም። አባባ ተስፋዬ ይባላሉ። ወላጆቻችሁን «አባባ ተስፋዬን ታውቋቸዋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁና ፊታቸውን እዩ።

ሙሉ ስማቸው ተስፋዬ ሣህሉ ነው። የተወለዱት ሰኔ 20 ቀን 1915 ዓ.ም. በባሌ፣ ከዱ በሚባል ስፍራ ነው። እዚህ በምንጠቀምበት አቆጣጠር ጁን 27 ቀን 1923 መሆኑ ነው። እኔ የሂሳብ ሰው ስለሆንኩ ይህችን ሳላስተምር አላልፍም፦ የኢትዮጵያን ዓመተ ምሕረት ወደ ፈረንጆቹ ለመለወጥ፣ ቀኑ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ድረስ ከሆነ 7 ትደምራላችሁ። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ ከሆነ 8 ትደምራላችሁ። ሰኔ ስለሆነ 1915 ሲደመር 8፣ 1923። አያችሁ፣ ከባድ አይደለም።

አሁን አንድ ጥያቄ። ሰውዬው አንድ ናቸው። ታዲያ ለምን «ተወለደ» ሳልል «ተወለዱ» አልኩ? ይሄ አንቱታ ይባላል። በዕድሜ ትልቅ የሆነን ሰው ስናከብር ስለ አንዱ እንደ ብዙ እንናገራለን፤ ፊት ለፊት ስናገኘው ደግሞ «እርስዎ» እንላለን። «መጣ» ሳይሆን «መጡ»፣ «ብላ» ሳይሆን «ይብሉ»። ብዙዎቻችሁ በስልክ አያታችሁን «አንተ እንዴት ነህ?» ትላላችሁ። አያት ልጁ ውጭ አገር ነው ያደገ ብሎ ይስቃል፣ ይቅር ይላል። ግን «እንዴት ነዎት አባባ?» ብትሉት ምን ያህል ደስ እንደሚለው ሞክሩና እዩ። «አባባ» ራሱ የአክብሮትና የፍቅር ቃል ነው። አባባ ተስፋዬን ያገሩ ልጅ ሁሉ አባባ ያላቸው የሥጋ አባቱ ሆነው አይደለም።

ከቴሌቪዥን በፊት ብዙ ዓመት የቴአትር ሰው ነበሩ። ስለዚህ ስለ አገራችን ቴአትር ትንሽ ልንገራችሁ። በ1913 ዓ.ም. ገደማ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በአማርኛ የመጀመሪያ የሚባለውን ዘመናዊ ቴአትር ጻፉ። የሚገርመው ነገር ተዋንያኑ የሚወክሉት አውሬዎችን ነበር፤ በእንስሳት ተረት እያመካኘ ባለሥልጣናትን የሚነካ ቴአትር ነበርና መንግሥት ከለከለው። በ1927 ዓ.ም. አገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፤ ዛሬ አገር ፍቅር ቴአትር የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ትልቁ አዳራሽ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ተከፈተ። አባባ ተስፋዬ በአዲስ አበባ መድረኮች ላይ ተዋናይ ሆነው አደጉ፣ በዚህም ታላቅ ቴአትር ቤት ሠርተዋል። ሙዚቃ ይጫወቱ ነበር፤ የምትሐት ትርዒትም ያሳዩ ነበር። ምትሐት ማለት እዚህ ማጂክ የምትሉት ነው።

በዚያን ጊዜ ሴት ልጅ መድረክ ላይ ወጥታ መጫወቷ እንደ ነውር ይታይ ነበር። ታዲያ በቴአትሩ ውስጥ እናት ወይም ሙሽራ ካለች ማን ይጫወታት? ወንድ። አባባ ተስፋዬ የሴት ገጸ ባሕርይ ወክለው በመጫወት ከሚታወቁት የመጀመሪያዎቹ ተዋንያን አንዱ ናቸው። «ገጸ ባሕርይ» ማለት በቴአትር ወይም በተረት ውስጥ ያለው ሰው ማለት ነው፤ ይህን ቃል ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። ልጆች እንደምታስቡት ቀሚስ መልበስ ብቻ አይደለም። የነጠላ አጣጣሉ አለ፣ አቀማመጡ፣ ድምፁ፣ ዓይን አሰባበሩ አለ። አዳራሽ ሙሉ ሰው እያየ ያንን ሁሉ መያዝ ትልቅ ሙያ ነው። በእኔ ግምት በኋላ በቴሌቪዥን ብቻቸውን ቁጭ ብለው አንዴ አንበሳ፣ አንዴ ጦጣ፣ አንዴ አሮጊት የሚሆኑት ያንን ከመድረክ ይዘው ስለመጡ ነው።

የኢትዮጵያ ጦር፣ ቃኘው ሻለቃ፣ ወደ ኮሪያ በዘመተ ጊዜም ወታደሮቹን ለማዝናናት አብረው ሄደዋል። ከአገሩ እጅግ ርቆ፣ በብርድ ውስጥ፣ በጦር ሜዳ ላለ ሰው በራሱ ቋንቋ የሚቀልድለት ሰው ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ወላጆች ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ።

በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተከፈተ፤ እ.ኤ.አ. 1964 ማለት ነው። (ስንት እንደደመርኩ ልብ አላችሁ? እንግዲያው የተከፈተው በየትኞቹ ወራት ውስጥ ሊሆን ይችላል?) ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ያለውም ቤት ጥቂት ነበር። አባባ ተስፋዬ የልጆችን ፕሮግራም ያዙና እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ አልለቀቁትም። «42 ዓመት» ሲባል ትሰማላችሁ። 1998 ሲቀነስ 1957፣ 41 ነው፤ የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም ዓመት ስትቆጥሩ ነው 42 የሚሞላው። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ፣ ሌላ መንግሥት መጣ፤ የልጆቹ አባባ ግን እዚያው ነበሩ። በሳምንት አንዴ ብቻ ብንቆጥር እንኳ ከ2,000 ጊዜ በላይ ይሆናል።

እኔም ካዩዋቸው ልጆች አንዱ ነኝ። ቤታችን ቴሌቪዥን ስላልነበረ ጎረቤት ሄደን ነው የምናየው፤ የሰፈር ልጅ በሙሉ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ምንጣፍ ላይ ይደረደራል። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች!» ሲሉ ሁላችንም አፍ አውጥተን እንመልሳለን። የባለቤቷ እናት ትስቅብን ነበር፤ እኛ ግን የሚሰሙን ነበር የሚመስለን። ልጆችን «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ይሏቸዋል። ስቱዲዮ ውስጥም ልጆች አጠገባቸው ይቀመጡ ነበር፤ ተረት የሚያውቅ ልጅ ራሱ ይናገራል፣ እሳቸው ያዳምጣሉ። ይሄ ነገር ያኔ ቀላል ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስተምር ነው ትልቅ ሰው ልጅን ሳያቋርጥ ማዳመጥ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የገባኝ።

እዚህ አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1947 በተጀመረ ሃውዲ ዱዲ በሚባል የልጆች ፕሮግራም ላይ ክላራቤል የሚባል ክላውን ነበር። አይናገርም፤ ጥሩምባ እየነፋ ነበር ሐሳቡን የሚገልጸው። እ.ኤ.አ. በ1960 በመጨረሻው ቀን ብቻ አፉን ከፍቶ «ደህና ሁኑ ልጆች» አለ። የማይናገር ክላውን ለማንም ይገባል፣ አማርኛ ተናጋሪም ቻይናዊም ያየዋል፣ ይስቃል። የአባባ ተስፋዬ ጨዋታ ግን መላው በቋንቋው ውስጥ ነው። ጅቡ ለምን እንደተታለለ፣ ጦጣዋ ምን ብላ እንዳመለጠች ለመሳቅ ቃሉን መስማት አለባችሁ። ቪዲዮውን ከፍቶ ማየት ብቻ አይበቃም። ልጆች፣ ቅዳሜ ጠዋት ከእንቅልፋችሁ የምንቀሰቅሳችሁ ለዚህም ጭምር ነው።

በተረታችን ውስጥ እንስሳት እንኳ በማዕረግ እንደሚጠሩ ታውቃላችሁ? ጅቡ «አያ ጅቦ» ነው፣ ጦጣዋ «እመት ጦጢት» ናት። «አያ» በዕድሜ ለሚበልጥ ወንድ፣ «እመት» ለተከበረች ሴት የሚባል ነው። ሊበላት የመጣውን ጅብ ጦጣዋ አያ ትለዋለች! አክብሮቱም ተንኮሉም አንድ ቃል ውስጥ ነው ያለው። እንግሊዝኛው ላይ ይሄ ይጠፋል።

በ1998 ዓ.ም. በፕሮግራሙ ላይ በቀረበ አንድ ተረት ምክንያት ቅሬታ ተነሣና ከሥራቸው ተሰናበቱ። ተረቱ አንድን የኅብረተሰብ ክፍል የሚያስቀይም ነው ተባለ። ሁለት ነገር በአንድ ላይ እውነት ሊሆን ይችላል ብዬ አምናለሁ፦ ሰውን የሚያስቀይም ተረት ለልጆች መቅረብ የለበትም፤ ያን ያህል ዘመን ያገለገለ ሽማግሌም በዚያ መልክ መሰናበት አልነበረበትም። ትልልቆቹ ተማሪዎች በዚህ ላይ ክፍል ውስጥ ብትከራከሩ ደስ ይለኛል። ተረቶቻቸው በመጽሐፍም ታትመዋል። አባባ ተስፋዬ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው አረፉ። ለሽማግሌ «ሞቱ» ከማለት «አረፉ» ማለት ይሻላል፤ ይህንንም ጻፉት።

የቤት ሥራችሁ እንዲህ ነው። በዚህ ሳምንት አያታችሁ ጋ፣ አክስታችሁ ጋ ወይም አጎታችሁ ጋ ደውሉ። «እባክዎ አንድ ተረት ይንገሩኝ» በሉ፤ አንቱታውን እንዳትረሱ። ከዚያ በሚቀጥለው ቅዳሜ ክፍል ውስጥ ትነግሩናላችሁ። ወረቀት ማንበብ የለም፤ ቃል ቢጠፋችሁ በእጃችሁም በድምፃችሁም አሳዩን፣ እኛ ቃሉን እንፈልግላችኋለን። ከአምስት ደቂቃ ባይበልጥ ጥሩ ነው፣ ልጆቹ ብዙ ናችሁ። ተናጋሪው «ተረት ተረት» ሲል ሌሎቻችን «የላም በረት» ብለን እንመልሳለን። ስትጨርሱ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ትላላችሁ።

ስለዚህ ወላጆች፣ ከእናንተ መሃል ድፎ ዳቦ መጋገር የሚችል ሁለት ሰው እንፈልጋለን። እስከ ሐሙስ ንገሩን።