ወታደሩን እንብላው ወይስ እንለፈው?

ነጭ የንጉሡን ወታደር ወደ ኢ4 ይገፋል፤ ጥቁር በኢ5 ይመልሳል። ነጭ ቀጥሎ ከጎኑ ያለውን ወታደር ኤፍ4 ላይ አምጥቶ ያለ ጠባቂ ያቆመዋል። የንጉሥ ጋምቢት የሚባለው የቼዝ መክፈቻ ይህ ነው፤ ወታደሩ እንዲበላ ሆን ተብሎ ቀርቧል። ጀማሪዎች እዚህ ላይ ሁለት ወገን ይሆናሉ። አንደኛው የቀረበለትን ሁሉ ይበላል። ሁለተኛው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብሎ፣ ወጥመዱ ምን እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ ይሸሻል። ሁለቱም ዓይናቸውን የተከሉት ወታደሩ ላይ ነው፤ መታየት ያለበት ግን ነጭ በወታደሩ የገዛው ነገር ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው እርምጃ ነው። ጥቁር ወታደር ሲለቅም ነጭ ፈረሱንና ጳጳሱን ያወጣል፣ ንጉሡን ካስል አድርጎ ያስጠልላል። በቼዝ የቆየ መለኪያ ሦስት እርምጃ የአንድ ወታደር ዋጋ አለው ይባላል። ይህ ግምት እንጂ ሕግ አይደለም፤ መሃሉ ክፍት ከሆነ ሁለት እርምጃም ይገድላል፣ ዝግ ከሆነ አምስቱም ላይረባ ይችላል። (በእኛው ሰንጠረዥ ይህ ሒሳብ ቦታ የለውም። በቀድሞው አጨዋወት የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጦራቸውን ያሰልፉ ነበር፤ ተራ ከሌለ ደግሞ በእርምጃ የሚገዛ ነገር የለም።) ከእርምጃ ሌላ ጋምቢት ሰጪው መሃል ሜዳውን፣ አልያም ለግንቦቹና ለጳጳሶቹ የተከፈተ መስመር ሊገዛ ይችላል። መብላትና አለመብላት የሚወሰነው ከእነዚህ የትኛው እንደተገዛ ከታወቀ በኋላ ነው።

የዴንማርክ ጋምቢትን እንይ፤ ሁሉም ነገር ፊት ለፊት የሚታይበት ነው። ኢ4፣ ኢ5፤ ነጭ ዲ4፣ ጥቁር ይበላል፤ ነጭ ሲ3፣ ጥቁር ደግሞ ይበላል፤ ነጭ ጳጳሱን ሲ4 ላይ ያወጣል፣ ያው የጥቁር ወታደር ቢ2 ድረስ ገብቶ ሦስተኛውን ይበላል። በ5ኛው እርምጃ የነጭ ሌላው ጳጳስ ቢ2 ላይ ያለውን ወታደር ያነሳዋል። ጥቁር ሁለት ወታደር በልጧል። ነጭ ግን ሁለቱ ጳጳሶቹ ጎን ለጎን ሆነው ወደ ጥቁር ንጉሥ ሰፈር ያነጣጥራሉ፤ ጥቁር አንድም ፈረስ፣ አንድም ጳጳስ አላወጣም። እዚህ ላይ «ሁለት ወታደር አለኝ፣ አንዱንም አልለቅም» ያለ ሰው ከሃያ እርምጃ በፊት ብዙ ጊዜ አልቆለታል።

የቪየናው ካርል ሽሌክተር ስሙን የሰጠው መከላከያ ግን ወዲያውኑ ዲ5 ይላል። ወታደሩን መልሶ መስጠቱ ነው። የነጭ ጳጳስ ዲ5 ላይ ይበላል፤ ጥቁር ፈረሱን ወደ ኤፍ6 አውጥቶ ያንኑ ጳጳስ ያስፈራራዋል። ነጭ ጳጳሱን ኤፍ7 ላይ ሠውቶ ቼክ ይላል፣ ንጉሡ ይበላዋል፣ የነጭ ንግሥትም ጠባቂ ያጣችውን የጥቁር ንግሥት ዲ8 ላይ ትበላለች። ጥቁር የከሰረ ይመስላል። በዚህ ጊዜ የጥቁር ጳጳስ ከኤፍ8 ተነሥቶ ቢ4 ላይ ቼክ ይላል፤ መነሣቱ ደግሞ የኤች8ን ግንብ መንገድ ከፍቶ የነጭን ንግሥት ለአደጋ ያጋልጣታል። ንግሥቲቱ ዲ2 ላይ ገብታ ንጉሡን ከመከለል ሌላ የተሻለ የላትም። እዚያው ትበላለች፣ ፈረሱም በላተኛውን ጳጳስ ይበላል። አሁን ቁጠሩ፦ ንግሥት በንግሥት፣ ጳጳስ በጳጳስ ሄዷል፤ አምስት ወታደር ለአምስት ቀርቷል። የነጭ ጥቃት ጠፍቷል። ያ ሁሉ ማስፈራራት የተገዛበት ወታደር ተመልሷል፣ ጥቁርም በንግሥት ወገን ሦስት ወታደር ለአንድ ይዞ ወደ መጨረሻው ጨዋታ በሰላም ይገባል።

እኔ ለተማሪ ጋምቢት ሲቀርብ የምጠይቀው ለዚህ ነው፦ ይህን ወታደር በልተህ መቼ ትመልሰዋለህ? መልስ ያለው ሰው ይብላ። መልስ የሌለው ይለፈው። ኢማኑኤል ላስከር በኢቫንስ ጋምቢት ላይ ያደረገውም ከዚሁ የሚገባ ነው። ካፒቴን ዊሊያም ዴቪስ ኢቫንስ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ የፈጠረው ይህ ጋምቢት በቢ4 ወታደር የጥቁርን ጳጳስ ከመሃል ይጎትታል፤ በዚያ ክፍለ ዘመን ብዙ የሚያማምሩ ድሎች ተገኝተውበታል። ላስከር ወታደሩን ከበላ በኋላ ጳጳሱን በጊዜ ወደ ቢ6 መለሰ። ነጭ ወታደሬን ልመልስ ካለ ንግሥቶቹ ይለዋወጣሉ፣ ጥቁርም የተሻለ መጨረሻ ያገኛል። የኢቫንስ ጋምቢት ፋሽኑ ያለፈበት በዋናነት በዚህ ነበር። ጨርሶ ግን አልሞተም፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ሪጋ ላይ ጋሪ ካስፓሮቭ አናንድን በዚሁ መክፈቻ በ25 እርምጃ አሸንፏል።

አለመብላት ደግሞ ፍርሃት ብቻ መስሎ የሚታያቸው አሉ። ወደ ንጉሥ ጋምቢት እንመለስ። ጥቁር ኤፍ4ን ትቶ ጳጳሱን ሲ5 ላይ ያወጣል። የነጭ ወታደር ኤፍ2ን ስለለቀቀ ከሲ5 እስከ ጂ1 ያለው ሰያፍ መስመር ተከፍቷል፤ ጳጳሱ እዚያ እስካለ ድረስ ነጭ በንጉሡ ወገን ካስል ማድረግ አይችልም። ነጭ በተራው ኢ5 ላይ ያለውን ወታደር «ነፃ ነው» ብሎ ቢበላ የጥቁር ንግሥት ኤች4 ላይ ቼክ ትላለች። ንጉሡ ወደ ኢ2 ቢሸሽ ንግሥቲቱ ኢ4ን በልታ በ4ኛው እርምጃ ማት ነው። ወታደሩን ጂ3 ላይ ቢያስገባ ደግሞ ኢ4ን በልታ እንደገና ቼክ ትልና የኤች1ን ግንብ ትወስዳለች። እዚህ ያልበላው ነው አጥቂ የሆነው።

መብላት ለሚሻ ሰው የቦቢ ፊሸር መንገድ አለ። ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1960 ማር ዴል ፕላታ ላይ በቦሪስ ስፓስኪ የንጉሥ ጋምቢት ተሸነፈ፤ በዓመቱ ይህን መክፈቻ አፈርሳለሁ የሚል ጽሑፍ አወጣ። ያቀረበው ነገር ትንሽ ናት፦ ወታደሩን ከበላህ በኋላ ዲ6 በል። በስፓስኪው ጨዋታ የነጭ ፈረስ ሲባረር ኢ5 ላይ ዘልሎ ተቀምጦ ነበር፤ ዲ6 ያንን ቦታ ይነፍገዋል። እርምጃዋ ጥሩ ናት፣ «አፈርሳለሁ» ማለቱ ግን ተጋንኗል፤ እሱ ራሱ በኋላ ነጭ ይዞ የንጉሥ ጋምቢትን ተጫውቷል።

የንግሥት ጋምቢት ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ እንዲያውም በስሙ ብቻ ጋምቢት ነው። ዲ4፣ ዲ5፣ ሲ4። ጥቁር ሲ4ን ቢበላ ችግር የለም፤ ልያዘው ካለ ግን ይመጣበታል። ነጭ ኢ3 ሲል ጥቁር በቢ5 ይጠብቃል፤ ነጭ ኤ4፣ ጥቁር ሲ6፤ ቢ5 ላይ ወታደር በወታደር ይበላላሉ፤ ከዚያ የነጭ ንግሥት ኤፍ3 ላይ ትወጣለች። መስመሩ እስከ ኤ8 ግንብ ድረስ ባዶ ነው፣ ጥቁርም ቢያንስ አንድ ጠጠር ያጣል። ስለዚህ የሚበላ ሰው ወታደሩን ነጭ ሲፈልግ እንዲመልሰው ትቶ፣ ፈረሱን አውጥቶ በሲ5 መሃሉን ይነካካል። የማይበላው በኢ6 ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1927 ቦነስ አይረስ ላይ ካፓብላንካና አሌክሂን ካደረጓቸው 34 ጨዋታዎች 32ቱ ይህ ያልተበላ የንግሥት ጋምቢት ነበሩ።

ሰዓትና ተቃዋሚም ይታሰቡ። በሦስት ደቂቃ ጨዋታ የማላውቀውን ጋምቢት አልበላም፤ ተቃዋሚዬ ቤቱ ያጠናውን እኔ እያንዳንዱን እርምጃ በሰከንድ ላገኝ አልችልም። በረጅም ጨዋታ ግን እበላለሁ። ካፓብላንካ እ.ኤ.አ. በ1918 ኒው ዮርክ ላይ ፍራንክ ማርሻል አዲስ የወታደር መሥዋዕት ሲያቀርብለት የተዘጋጀበት ነገር መሆኑ ገብቶት ነበር፤ በላው፣ ጥቃቱን ሁሉ ችሎ አሸነፈ። የዛሬ ጌቶች ግን ካፓብላንካን አይከተሉም፤ ብዙዎቹ ከአንድ እርምጃ በፊት በኤ4 ወይም በኤች3 ዞር ብለው የማርሻልን ጥቃት ያስቀሩታል።

ንግሥቶችን መለወጥ ሁልጊዜ እፎይታ አይሰጥም። በቤንኮ ጋምቢት ጥቁር በ3ኛው እርምጃ ቢ5 ብሎ ወታደር ይሰጣል፣ ቀጥሎ ኤ6 ላይ ሌላ ያቀርባል፤ የሚገዛው የኤና የቢ ዓምዶችን ነው። ግንቦቹ በእነዚያ ዓምዶች፣ ጳጳሱ ከጂ7 ሆነው የነጭን የኤና የቢ ወታደሮች ይጫናሉ፤ ንግሥቶቹ ቢሄዱም ጫናው አይቀንስም፣ አንዳንዴም ይብሳል። እርምጃ በመቁጠር የለመደ ሰው እዚህ «ጥቃት የለም፣ ወታደር በልጫለሁ» ብሎ ተዝናንቶ ሠላሳኛው እርምጃ ላይ ወታደሮቹ አንድ በአንድ ሲወድቁ ያያል። መጫወት የማይሻ በ5ኛው እርምጃ ኤ6ን አይበላም፤ ወታደሩን ወደ ቢ6 ይገፋዋል። የጥቁር ንግሥት ታነሳዋለች፣ ወታደሩም ተመለሰ ማለት ነው፤ የኤ6 ወታደር ግን በቦታው ስለቀረ ግንቡ የሚጠብቀው የኤ ዓምድ ሳይከፈት ይቀራል።